ማኅበሩ የሰረዛት አራተኛ ነጥብ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ክረምት አለፈ። አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አትቆጥሪም ነበር። እኔ ግን ታውቂኛለሽ፣ ያልተቆጠረ ነገር የጠፋ ይመስለኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣራ አሠርቻለሁ፤ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ አስፈርሼ ነው ያሠራሁት። አንቺ ብትኖሪ በመጀመሪያው ቀን መርቀሽ ትሸኚው ነበር። የሥራ ቦርሳሽን በብልባላ ጤና ጣቢያ አንቺን ለተካችው አዋላጅ ሰጠኋት። ነጭ ጋውንሽን ግን መስጠት አልቻልኩም፤ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ልጃችን ከደሴ በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ ዛሬስ ከማን ጋር ተጣላህ?" ትለኛለች። ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። የቀበሌውን ማስታወቂያ አሁንም በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፤ የሚስቅብኝ ሰው ግን የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ያንን አሮጌ ክርክራችንን አንስቼ ነው። አዲሱ የወንጀል ሕግ ሲወጣ እኔ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ አንቺ ደግሞ ገና ሥራ የጀመርሽ አዋላጅ ነርስ። ፅንስ ማቋረጥን ይከለክልና ጥቂት ምክንያቶችን ለይቶ ይፈቅዳል፤ ተደፍራ ላረገዘች ሴት ደግሞ ቃሏ ብቻ ማስረጃ ሆኖ ይበቃል ይላል። እኔ ይህ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ይነገር ባይ ነበርኩ። ሰው የማያውቀው መብት መብት አይደለም እያልኩ እሟገትሽ ነበር። አንቺ ደግሞ "ዝም በል፣ ይህች ሕግ በሕይወት ያለችው ጮክ ብሎ የሚያነባት ስለጠፋ ነው" ትይኛለሽ። አንድ ቅዳሜ ከብልባላ በእግር ስንመለስ ዳገቱ ላይ እንዲሁ ስንከራከር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ጫማሽን አወለቅሽ። "ጨርሰህ ስትመጣ ትጠራኛለህ" ብለሽ ቆሎሽን መቆርጠም ያዝሽ። ብቻዬን ሃያ እርምጃ ያህል ስናገር ሄጄ ነው ወደ ኋላ የዞርኩት። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ያቺን ዳገት ባለፍኩ ቁጥር ያ ድንጋይ የት እንዳለ አያለሁ።

ጦርነቱ አገራችን በገባበት ዓመት ፖሊስ ጣቢያው ተዘጋ፣ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ፣ ያንቺ በር ግን አልተዘጋም። ማን እንደመጣች፣ ምን እንዳለችሽ አንድ ቀን አልነገርሽኝም። ስጠይቅሽ "አንተ እኮ ዐቃቤ ሕግ ነህ" ብለሽ ሳቅሽና ሽንኩርት መክተፍሽን ቀጠልሽ።

አሁን ያቺን ሕግ ጮክ ብሎ የሚያነባት ተገኘ። ሕጉ ይለወጥ የሚል አቤቱታ ከአዲስ አበባ መጥቶ በየሰንበቴው፣ በየእድሩና በየማኅበሩ ፊርማ ይሰበሰባል። የእኛ የሚካኤል ማኅበርም ደረሰው። ዘዴውን ልንገርሽ። ማኅበር ላይ፣ ጽዋ ፊት፣ እምቢ የሚል ሰው የለም። ወረቀቱም ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው። ሕይወት ክቡር ነው ይላል፤ እውነት ነው። ችግረኛ እናት ትረዳ ይላል፤ ማን ይጠላል? የተጣሉ ሕፃናት ይደጉ ይላል። አራተኛዋ ነጥብ ከታች፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ከጨረሰ በኋላ ትመጣለች፦ ተደፈርኩ የምትል ሴት ቃሏ አይበቃም፣ የፖሊስ ማስረጃና የፍርድ ቤት ውሳኔ ታቅርብ። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው። እንዲህ ያለ ጉብዝና ያበሳጨኛል።

የመደገሱ ተራ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ነበር። ጠላው ቀርቧል፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አያ ደምሌ፣ ወረቀቱን ይዘው ተነሱ። እኔ አላስጨረስኳቸውም። ጮህኩ። ያላነበባችሁትን የምትፈርሙ መሃይሞች አልኩ። አያ ደምሌ ዝግ ብለው "ልጄ፣ አንተ ሁልጊዜ ልክ ነህ፤ ሰው የማይሰማህም ለዚህ ነው" አሉኝ። እንደ ሥርዓታችን ጠበኛ ባለበት ጽዋ አይነሳም። ጠላው ሳይጠጣ፣ ወረቀቱም ሳይፈረም ተበተንን።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። እኔ ካልታረቅኩ ጽዋው አይነሳም፣ ጽዋው ካልተነሳ ፊርማ የለም፤ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ሁለት ወር ሽማግሌ መለስኩ። በሥነ ሥርዓት እንደረታሁ ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የሺዬ። ሽማግሌዎቹ ተስፋ ሲቆርጡ እትዬ ብርቄ ራሷ መጣች። ደጃፍ ላይ እንደቆመች፣ ግቢ ሳልላት ጀመረች።

"ጽዋው ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ ታስሯል። የሚካኤልን ዝክር አስቀርተህ ለሴት ተሟገትኩ ትላለህ? የሺ በጦርነቱ ዓመት የማንን ልጅ በሯን ከፍታ እንደተቀበለች አንተ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። አንድ ቃል ሰምታ አመነች፤ ሌላ አልጠየቀችም። አንተ ማኅበሩን ሙሉ አላመንክም። አነበብክላቸው? ሰደብካቸው እንጂ።"

እታረቃለሁ አልኳት። ሳልከራከር እሺ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እትዬ ብርቄ እንደገና ጠላ ጠመቀች። ድንጋይ ተሸክሜ አያ ደምሌ እግር ላይ ወደቅኩ። "ተነስ፣ ወገብህም እንደ አፍህ አይደለም" ብለው አነሱኝ፤ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጡኝና አራተኛዋን ነጥብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። አልተረጎምኩም፣ አልተቸሁም። ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ጦርነቱ በገባበት በዚያ ዓመት የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ክፍት ነበር?

ብዙዎቹ መሬት መሬት አዩ። እያንዳንዱ ያየው የየራሱን ልጅ፣ የየራሱን እህት ይመስለኛል፤ የማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አያ ደምሌ ተናገሩ። "እኔ ፅንስ ማስወረድን አልወድም፣ ነገም አልወድም። የተበደለች ልጅ ግን እደጄ መጥታ ምስክር አምጪ አልላትም። ይህቺ ትሰረዝ።" እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጉ። "አንተ እንደማትፈርም አውቃለሁ። መሰረዙን ግን አንተ ሰርዝ፣ እጅህ ቀጥ ያለ ነው።"

ሰረዝኩ። ከዚያ እነሱ የቀረውን ፈረሙ፣ እኔ አልፈረምኩም፣ ጽዋውም ተነሳ። ፊርማ ሰብሳቢው ሲመጣ የተሰረዘበት ወረቀት አይሠራም አለ። አያ ደምሌም "እንግዲያው ያልተሰረዘበት ፊርማ የለንም" ብለው ሸኙት። ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ ይቅደደው፣ ከላይ ያድርሰው፣ አላውቅም። ምክር ቤቱ ምን እንደሚወስንም አላውቅም። አንድ ማኅበር አገር አይደለም።

ክርክራችንን በግማሹ ረተሽኛል። መነበቡ ግድ ነበር፣ በዚህ አልለቅልሽም። አነባበቡን ግን የተማርኩት ካንቺ ነው፤ ያውም አንቺ ከሌለሽ በኋላ፣ በእትዬ ብርቄ አፍ።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና የማኅበርተኞቹን ስም ለውጫለሁ፤ ያንቺን አልለወጥኩም። ጽዋው በተነሳ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና "የሲስተር የሺ ባለቤት ነዎት አይደል?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት።

አንቺ የያዝሽውን ሳልጠይቅ እይዛለሁ፣ የሺዬ። አንቺን ግን ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም አነሳሻለሁ።

ባለቤትሽ