አሮጊቷን አልሸጥም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ተላመዳችሁ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ እንዳለ ነው።

አዲሷን ነጭ መኪና ተደግፈህ የተነሳኸው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። “ወንድምህን እይ! አንተ ይህን ቆርቆሮ እስከ መቃብር ልትገፋው ነው?” ትለኛለች። አንተም በስልክ “ሸጠህ ደህና ግዛ” አልከኝ። ለአፍማ ምን ይሳነዋል።

እዚህ መኪናውን የሚሸጥ ባለታክሲ የለም፤ ፍቅር ይዞን አይምሰልህ። ተራ ላይ አብሮኝ የሚሰለፈውን ሳቂታውን ታስታውሰዋለህ። ሻል ያለች ሊገዛ አምና የራሱን ሸጠ። የአዲሷ ሻጭ ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰው ዋጋው ንሮ አመለጠው። ባለፈው ሳምንት እንደማንም ተሳፋሪ ተጋፍቶ ያቺው የሸጣት መኪናው ውስጥ ገባ። በሩ አልዘጋ ብሎ ሰው ሁሉ ሲደበድበው፣ እሱ ከፍ፣ ገፋ አደረገና ዘጋው። ቅጥሩ ሾፌር “አንተ፣ ይቺን ማን አሳየህ?” አለው። ሳቂታው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደ።

አዲሶቹን መኪኖች የሰፈራችን መካኒክም አይደፍራቸውም፤ “ያለ ኮምፒውተር ኮፈናቸውን አልከፍትም” ይላል። ያገለገሉ የሚባሉት ደግሞ ቀለም የተቀቡ በሽተኞች ናቸው። የማውቀውን ሕመም በማላውቀው ለምን እለውጣለሁ? የኔን አሮጊት መካኒኩ ገና ከሩቅ በሳሏ ያውቃታል። ዕቃ ሲጠፋ ከሞቱት መኪኖች ፈትቶ ይገጥምላታል። የስንቱን ሟች አካል ይዛ እንደምትሄድ እሱ ይወቅ። ግን ትሄዳለች፤ ቤቱን ሙሉ ተሸክማ። እሷ ከቆመች ምድጃችንም ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቆጣ። አንተ ዘንድ ሰንብቶ የመጣው የአክስታችን ልጅ ፎቶውን አይቶ ሳቀ። ነጯ የጎረቤትህ ናት አለኝ። ያንተ ከኋላ የቆመችው ናት፤ ስፖኪዮዋ በፕላስተር የታሰረው፣ ከሄድክ ጀምሮ ያለችህ። አንተም አልሸጥካትም። ለእማዬ አልነገርኳትም። ፎቶው እንደተሰቀለ ነው፤ እኔም እንደተሰደብኩ።

ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ትስምሃለች። ባለቤቴና ልጆቼ ሰላም ብለውሃል። ሳቂታውም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ሳይስቅ።

ስፖኪዮዋን በፕላስተር አትሰራት፣ ዝናብ ይፈታዋል። በቀጭን ሽቦ ከውስጥ በኩል እሰራት።

ታናሽ ወንድምህ፣
ተራ እየጠበቅሁ ከመሪው ጀርባ፣ ኅዳር 14 ቀን