ወይራ አፋፍን በእግራቸው የለኩት የአቶ እንዳለው ሀብተ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳለው ሀብተ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ገሠሠና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቄ ካሴ በሚያዝያ ወር 1957 ዓ.ም. በዳባት ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ከደገሙ በኋላ በዳባትና በደባርቅ ተምረው በ1977 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታለም ገዱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዓለምብርሃንንና ሕሊናን ወልደዋል።

በ1985 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ መረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ጎጦችን ከመኪና መንገድ ባላቸው ርቀት «ቅርብ»፣ «ሩቅ»፣ «እጅግ ሩቅ» እያሉ ይመድቡ ነበር። ወይራ አፋፍ የምትባለው ጎጥ ከዛሪማ መንገድ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ በመካከሉ ግን ገደልና ወንዝ አለ። አቶ እንዳለው በ1989 ዓ.ም. ሳይሄዱባት፣ ከመንገዱ ላይ አይተው ብቻ «ቅርብ» ብለው መዘገቧት።

በ1990 ዓ.ም. መስከረም ላይ የኩፍኝ ክትባት ሲሰጥ ከታቢዎቹ በዚያው ምድብ ተመርተው ወደ ሩቆቹ ጎጦች ወጡ። ቅርብ የተባሉት ጎጦች ሰዎች ግን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መንገድ እንዲወርዱ ተነገራቸው።

በተከታዩ ዓመት አቶ እንዳለው ለሌላ ጥናት ወይራ አፋፍ ሄዱ። ጉዞው ከንጋት እስከ ምሽት ፈጀባቸው። ያሳደሯቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም ሴት ልጃቸውን በኩፍኝ ቀብረው ነበር።

«አዝያት ወረድሁ፤ ወንዙ ሞልቶ መለሰኝ» አሏቸው።

አቶ እንዳለውም «ቅርብ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ነገሯቸው።

ወይዘሮ አመተ ማርያምም «እንግዲህ መጥተው አዩት፤ እንዳዩት ይጻፉት» አሉ።

አቶ እንዳለው ደባርቅ ተመልሰው ጥፋታቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ለአለቆቻቸው አቀረቡ። ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ጎጧም «እጅግ ሩቅ» ተብላ ታረመች፤ በተከታዩ ዘመቻ ከታቢዎቹ በበቅሎ ወጡላት። ከዚያ ወዲያ እስከ በየዳ ወረዳ ድረስ ያልረገጡትን ጎጥ አልመደቡም። የባለበቅሎን ሰዓት አይቀበሉም ነበር፤ የሚመዘግቡት ሕፃን ያዘለች እናት የሚፈጅባትን ሰዓት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሥራቸውን አቆሙ። አልጋ ላይ ሳሉ እኛ ቤተሰቦቻቸው የወይራ አፋፍን ነገር ከታሪካቸው እንድንተወው ብንለምናቸው «ይህ ካልተነበበ ታሪኩ የእኔ አይደለም» አሉን። ስለዚህ አነበብነው።

የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ቸሩ አምላክ እንደ ሥራቸው ሳይሆን እንደ ምሕረቱ ይቀበላቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።