ምናለ ይጠጣል ብዬ የመሰከርሁ ዕለት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአያ ውዱ፤ ካለህበት አሰብ ይድረስ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የወደቡ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህ ሻል አለው? እኛ በቁስቋም ማርያም ጥበቃ አለን። እናታችን ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት፤ "ውዱ ከሳ ወይስ ወፈረ?" እያለች መልስ የሌለኝን ትጠይቀኛለች። ታናሻችን ምናለም ደህና ነው። ደህና ነው ስልህ ግን እንደ ወትሮው አንብበህ አትለፈው፤ ይህን ወረቀት ፖስታ ቤት ሳልሰጥ በሾፌሩ በአስማረ እጅ የሰደድሁት ስለ እሱ ነው። ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው።

ምናለ ከመስቀል ወዲህ ካቲካላ ትቷል። ስንት ጊዜ "ተውሁ" ብሎ ስንት ጊዜ ተሸክመን እንዳስገባነው አንተው ታውቃለህ፤ የእናታችንን የጥምቀት ቀሚስ በአረቄ የለወጠ ልጅ ነው። ዘንድሮ ግን የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል ገዘቱት። መቁጠሪያም ሰጥተው "ጥማቱ ሲመጣብህ ስገድ፤ እስኪያልፍልህ አትተው" አሉት። እሱም ማለዳ ኪዳን ያስደርስና ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጀርባ ብቻውን ሲሰግድ ያረፍዳል አሉኝ።

እኔ አላመንሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ጉልበቱ ቢሰግድ ጉሮሮው መች ይሰግዳል እያልሁ በልቤ አማሁት። ደግሞ ጠበል የሚያመጣበት ጠርሙስ ያው የጥንቱ የአረቄ ጠርሙስ ነው። ፊቱን ሲታጠብ ጠብቄ ከፍቼ አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። ቀመስሁት፤ ውሃ ነው። ጠጥቶ አጥቦት ቢሆንስ ብዬ አንድ ማለዳ ተከተልሁት።

ከፍርስራሹ ግንብ ሥር ተደፍቶ አገኘሁት። ሰክሮ ወደቀ ብዬ ደነገጥሁ። ተነሳ፤ ደግሞ ተደፋ። ለካስ እየሰገደ ነው። ብታየው ታለቅስ ነበር። ላብ በላብ ሆኖ "እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ አሳልፊልኝ" ይላል፤ ሌላ ጸሎት የለውም። ሳላነጋግረው ተመለስሁ። ያን ዕለት አመንሁት ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግማሹን አመንሁ።

ለካ ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። በሳምንቱ የቀበሌው ደመቀ አስጠራኝ። ሰዓት እላፊው ከመነሳቱ የሚወጣ፣ ፍርስራሽ ውስጥ ለብቻው የሚሰወር ጎረምሳ ማንን ነው የሚያገኘው፣ ምን ወረቀት ነው የሚቀበለው ብሎ ጠየቀኝ። ይጸልያል ብለው ያምነኛል? እኔ እህቱስ መች አመንሁት? ሰካራም ሳለ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ዓይን ውስጥ የገባው ከተወ ወዲህ ነው። የጎረቤታችን የእጅጋየሁ ልጅ እንዲሁ ተጠርጥሮ እንደተወሰደ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ስለዚህ "ኧረ ጓድ ደመቀ! እናቱን አፍሮ ተደብቆ አረቄ ሊጠጣ ነው እንጂ" አልሁት። ሳቀ፤ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ብሎ አሰናበተኝ።

ለምናለ ስነግረው መቁጠሪያውን ጥቂት ቆጠረ። ኋላ "እንግዲያ መስከር አለብኛ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ይሰግዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከይመኙሽ አረቄ ቤት በር ላይ መለኪያ አስቀድቶ ይቀመጥና ሰው እያየው እየተንገዳገደ ይመጣል። "አረቄውን ጋቢዬ ላይ አፈሰዋለሁ" ይለኛል። እውነትም ጋቢው ይሸታል። አፉስ? ጠጋ ብዬ እንዳላውቅ ፈራሁ፤ እሱም ሲገባ ፊቱን ያዞራል። እናታችን ግዝቱን አፈረሰ ብላ ታለቅሳለች፤ ምስጢር አይቋጠርላትምና እውነቱን አልነገርኋትም። አባ ገብረ ሚካኤልም መንገድ ላይ አግኝተውት መስቀል ሳያሳልሙት አለፉ። እኔ ካሳሪዎቹ አዳንሁት ብዬ ወደ መለኪያው መለስሁት ይሆን?

አያ ውዱ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፤ እዚያ ሥራ ፈልገህ ጥሪ ጻፍለት። ጥሪ ካለው የይለፍ ወረቀት አይከለክሉትም፤ አስማረም በማኪናው አመጣዋለሁ ብሏል። እዚያ የሚያውቀው ስለሌለ መስሎ መታየት አያሻውም። በየቀኑ አረቄ ፊት ቁጭ ብሎ እስከ መቼ ይችለዋል?

የባለቤትህን የእናኑን፣ የልጆችህን የፋንታሁንንና የትንሿን የጽጌሬዳን ጉንጭ ሳምልኝ ብላለች እናታችን። ምናለም "ለአያ ውዱ ሰላም በይልኝ" ብሎኛል፤ ከምሰሶው ወዲያ ቆሞ ነው ያለኝ።

እኔ እንደምታውቀኝ ለጸሎት ሰነፍ ነኝ። ዛሬ ማለዳ ግን እሱ ሲወጣ እኔም ተነስቼ ሰገድሁ። የምለው ቢጠፋኝ የእሱኑ አልሁ፤ "እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ አሳልፊለት።"

እህትህ ብርቱካን
ጎንደር፣ ቁስቋም
መጋቢት 14 ቀን 1971 ዓ.ም.