ዝናብ ሲመጣ አልጋዬ ወዴት ይገባል

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ታደሰ ዛሬም የቬንትሌተሩን አንገት ወደ ራሱ አዙሮ በጨርቅ አሰረው። እንዲዞር የተሠራ ነገር ነው እኮ፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሏት ግራና ቀኝ እያለ ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ታደሰ ግን "ሲዞር ንፋሱ ይባክናል" ይላል። ባሌ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይመላለሳል። ቬንትሌተሩንም ያመጣው ከዚያው ነው። በራሱ ብር፣ ለራሱ።

ስለዚህ እኔና ልጃችን ሶስና የምንተኛው ውጪ ነው። በርግጥ በዚህ ሙቀት የግቢው ሰው ሁሉ አልጋውን አውጥቷል፤ ድሬ ነው፣ ክረምቱ እስኪገባ ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? ግን ሌላው ባልና ሚስት አንድ ላይ ነው የወጣው። የኔ ሰውዬ ብቻ በሩን ዘግቶ ውስጥ ቀርቷል። ሲጠይቁኝ "ሥራው አድክሞት ነው" እላለሁ። ውሸቱም ለመደብኝ።

የልጄ ጀርባ በሙቀት ሽፍ ብሏል። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እከኪልኝ እያለች ትነጫነጫለች።

ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስሄድ "ይሄን ሰው ብፈታውስ?" የሚል ሐሳብ መጣብኝና መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጮክ ብዬ ያልኩት መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጋሪ ብቻ ነው የሚያልፈው።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ቋጣሪ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቋጣሪ ሰው ራሱም አይበላም፣ ራሱም አይለብስም፤ አብረን እንቸገር ነበር። ታደሰ ግን ሸሚዙ የጅቡቲ፣ ሽቶው የጅቡቲ፣ ጫማው ሲያብረቀርቅ ፊት ያሳያል። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ጫቱን የሚገዛው እሱ ነው። ከተማው ውስጥ እጁ የተፈታ ሰው ነው ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ነጭ ጋዝ፣ የሶስና ደብተርና ጫማ፣ ከቀበሌ ሱቅ የሚመጣው ስኳርና ዘይት፣ ሁሉም ከኔ ደሞዝ ነው። ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ተቆርጦ ከሚተርፈው። መብራቱን እሱ ይከፍላል፤ ለቬንትሌተሩ ሲል መሆኑ አይጠፋኝም። ስጠይቀው አይቆጣም። "አንቺም ትሠሪ የለም እንዴ? ያንቺን አንቺ ግዢ" ይልና ይቀጥላል፣ ስለ አየሩ የሚያወራ ይመስል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። አይጠጣም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ባቡር ላይ ቀሚስ በቀሚስ ደራርበው ኮንትሮባንድ የሚያሳልፉትን ሴቶች አካሄድ ሲያሳየን እኔና ሶስና ሆዳችንን ይዘን ነው የምንስቀው። ያን ጊዜ እወደዋለሁ። አሁንም እወደዋለሁ።

ያደገው አጎቱ ቤት ነው፤ የአጎቱ ልጆች ከበሉ በኋላ ነበር የሚበላው። የያዘውን ሁሉ ይቀሙት ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ሲነግረኝ አልቅሻለሁ። ዛሬም ያሳዝነኛል። ግን የቀሙት እኔና ሶስና አይደለንም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ነገርኩት።

ለጉዞ እየተዘጋጀ ጫማውን ይጠርግ ነበር። "ታዴ፣ መለያየት እያሰብኩ ነው" አልኩት። ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ "ምን በደልኩሽ?" አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀው፤ ፊቱን አየሁት። እንዲያ ሲያየኝ የሰበሰብኩት ነገር ሁሉ ጠፋኝና የመጣልኝን ተናገርኩ። ቬንትሌተሩን።

ሳቀ። "በቬንትሌተር ባል ይፈታል?"

ከሱ አፍ ስሰማው ለኔም አስቂኝ ሆነብኝ። እሱ ወደ ለገሀር ሄደ፤ እኔ ግን ጫማ መጥረጊያው ጨርቅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በደሉ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ሰው ምን ብሎ ይናገራል? አንዱን ነጥለው ሲያነሡት እኔው ነኝ ትንሽ የምሆነው።

ሐኪም ያዘዘላትን የሶስናን ቅባት ገዛሁ። ተሻላት። ይሄ ደግሞ የዛሬ ድሌ ነው።


ሐሙስ፣ ሰኔ 27

ጅቡቲ ነው ያለው። ቬንትሌተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ሄዷል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ ቁም ሣጥኑን እያየሁ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሥራ ስመለስ አዴ ዘይነባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃሪያ ይቀነጥሱ ነበር። የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ መቀንጠስ ጀመርኩ። ምንም ሳልላቸው "ባልሽ መጥፎ ሰው አይደለም፣ አልማዝ ቲያ" አሉኝ። በኦሮምኛ የኔ አልማዝ ማለታቸው ነው፤ ሆድ ሲብሰኝ እንዲያ ነው የሚሉኝ። "መጥፎ ቢሆን ወላሂ ተሰብስበን እናባርረው ነበር አቦ! ይሄኛው ነው የሚያስቸግረው።"

የሳቸው ጭንቀት ከኔ ይበልጣል። ልጃቸው ረመዳን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሁርሶ ሠለጠነ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ከቤታቸው ጎን ያለውን የሱን ክፍል ዓርብ ዓርብ ከፍተው ይጠርጋሉ፣ አልጋ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይረጫሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። አልጋውን ለመሄጃው ስንቅ ሸጦታል።


ዓርብ፣ ሰኔ 28

ለሥራ ባልደረባዬ እንደሆነ አስመስዬ ቀበሌ ሄጄ ስለ ቤት ጠየቅኩ። የቤቶች ኃላፊው ጓድ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ያገባች ከሆነች ቤት አላት" አለ። ከተፋታችስ? "ወረቀቱን ታምጣ፣ ተራ ትያዝ።" የስኳር ካርዱስ? "በአባወራው ስም ነው።" አመስግኜ ወጣሁ። ለባልደረባዬ የሚያዝን አልተገኘም።

ከተለየሁ ወዴት ነው የምሄደው? እናቴ ከሞተች ቆይታለች። እህቴ አሰበ ተፈሪ ናት፤ ከነልጆቿ አንዲት ክፍል ውስጥ። ሥራዬን ትቼ ብሄድ ደግሞ የሰው እጅ ማየት ነው። ለዚህ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት፤ በፍቅር ብቻ አይደለም። ይህን መጻፍ ከበደኝ ግን ጻፍኩት።

አመሻሹ ላይ ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቆረ። የግቢው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ዝናብ ከጀመረ ሁሉም አልጋውን ይዞ ይገባል። የኔስ? ውስጥ ከገባሁ ነገሩ አለቀ፤ ደግሞ ዓመት ዝም እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሳይዘንብ ቀረ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ሽማግሌ ተቀመጠ።

ታደሰ ትናንት ሲገባ ነው ለጋሽ ወልዴ የነገራቸው። ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ሲያገባኝም ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ የሥራ ጓደኛቸውን ይዘው መጡ። ታደሰ ሮጦ ሄዶ በረዶ የመሰለ ለስላሳ አመጣላቸው። ቬንትሌተሩንም አወጣ፤ ጨርቁን ፈትቶ ወደ እንግዶቹ አዞረው።

ጋሽ ወልዴ መጠየቅ ጀመሩ። ይጠጣል? አይጠጣም። ይመታሻል? ኧረ በፍጹም። ሴት ይዟል? አይመስለኝም። "ታዲያ ልጄ፣ ምን ይዘን እንፍረድበት?"

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። "ጋሼ፣ ጎረቤት እንኳ የወጡ ሽታ ደርሶሻል ብሎ ያቀምሳል" አልኳቸው። "እኔ ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ሽታው ብቻ ነው የሚደርሰኝ።" ጓደኛቸው መሬት መሬት አዩ።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የቤቱ ወጪ ከእንግዲህ እኩል ለእኩል ይሁን አሉ። ታደሰ አላንገራገረም። "ይሄ ነው? ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ!" ብሎ እዚያው ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ሳሙትም። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀድሜ አልነገርኩትም? ስንት ዓመት!

ታረቂ ሲሉኝ "ጊዜ ስጡኝ" አልኩ። እስከ መቼ? "ዝናቡ እስኪገባ።" ጋሽ ወልዴ "ሰማዩንም ሽማግሌ አደረግሽው?" ብለው አሳቁን።


እሑድ፣ ሰኔ 30

ጠዋት ሥጋ ገዛሁ፤ ከሁለታችን ብር። ምሳ ላይ ታደሰ ደህና በላ፣ አመሰገነኝም። ከዚያ "እኔ የምለው፣ የሶስና ከማን ድርሻ ነው የሚታሰበው?" አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አይደለም። ሒሳቡ እንዲገባው ፈልጎ ነው።

ይህን እንኳ አልፌው ነበር። ቀጥሎ የመጣው ነው ያላለፈኝ።

ከጅቡቲ ብስኩት አምጥቶላት ነበር፤ ለልጁ አንዳንዴ ያመጣል፣ አልክድም። ሶስና ፓኬቱን ይዛ ግቢ ወጣች። የአዴ ዘይነባ የልጅ ልጅ፣ እኩያዋ ሐያት፣ አጠገቧ ሆና እጇን ዘረጋች። እነዚህ ልጆች እኮ አንድ ማስቲካ ተካፍለው የሚያኝኩ ናቸው። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ግድግዳው ዞረች። "ያንቺን አንቺ ግዢ" አለቻት። ድምፁ ሳይቀር የአባቷ ነው።

ታደሰ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሳቀ፤ ኩራት ኩራት ብሎታል። "ጎበዝ! እሷን እንኳ ማንም አይቀማትም!"

ሐያት አላለቀሰችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ሄደች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ወጥ ቤት ገብቼ።

እስከዛሬ ስመዝን የነበረው እኔ እችለዋለሁ ወይ የሚለውን ነበር። እኔማ እችለዋለሁ። አሁን ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ።

ወደ አዴ ዘይነባ ሄድኩ። ስለ ሐያት ይቅርታ ጠየቅኋቸውና እዚያው ላይ "አዴ፣ የረመዳንን ክፍል ያከራዩኛል?" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "የልጄን ክፍል አላከራይም" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በኀፍረት ወጣሁ። ልጇን ከጦር ሜዳ የምትጠብቅን እናት ምን ብዬ ጠየቅኩ?


ሰኞ፣ ሐምሌ 1

ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ። ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ ሁሉም ፍራሽ ይጎትታል፣ ልጅ ይጠራል። እኔ ገና ከፋብሪካ መግባቴ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ቆምኩ። ወዴት እንደምወስደው አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው።

ታደሰ በቤት ልብሱ ሮጦ ወጣ። "ያዥ ያዥ፣ ሳይርስ!" አለና የአልጋውን እግርጌ አነሣ። እኔ ራስጌውን ያዝኩ። ፊት የምሄደው እኔ ነኝ፣ ከኋላ እሱ። ወደ ቤታችን በር ሁለት እርምጃ ያህል ተራመድን።

አዴ ዘይነባን ያየኋቸው ያኔ ነው። የረመዳንን ክፍል በር ወለል አድርገው ከፍተው ሻሻቸው በዝናብ ርሶ ቆመዋል። አልጠሩኝም። በሩን ብቻ ይዘው ቆመዋል።

ዞርኩ። አልጋውም አብሮኝ ዞረ፤ ታደሰም አብሮ ዞረ፣ ምን ያድርግ? "ወዴት ነው?" አለ። መለስኩለትም መሰለኝ፣ ዝናቡ አላሰማው ይሆናል። እስከ ውስጥ ድረስ ተሸክሞ አስገባልኝ፤ ከሁለታችን ማን ቀስ ብሎ እንዳስቀመጠው አላስታውስም። ሶስና ፍራሹን እየጎተተች ተከተለችን፤ ሐያት በሌላኛው ጫፍ ይዛላታለች።

ታደሰ ባዶውን ክፍል ዙሪያውን አየ። "ለስንት ቀን ነው?"

"አላውቅም፣ ታዴ።"

"ግማሹን ሰጠሁሽ እኮ።"

"ሰጠኸኝ። ለሶስና አደርገዋለሁ።"

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። አልተከራከረም። በር ላይ ትንሽ ቆመ፤ ውሃው በአንገቱ ይወርዳል። እንደዚያ ግራ ሲገባው አንጀቴን በላው፤ እጄን ዘርግቼ ልስበው ሁሉ ቃጣኝ። አልሳብኩትም። ቤቱ ገባና በሩን ሳይዘጋው ተቀመጠ። እዚህ ሆኜ እያየሁት ነው የምጽፈው። ዝናቡን ያያል። ያስብ ይሆናል፤ ላያስብም ይችላል። የፍቺ ወረቀቱን ልጠይቅ ወይስ ልጠብቅ፣ ዛሬ አልወስንም። ዛሬ ጀርባዬን አሳርፋለሁ።

አዴ ዘይነባ የክፍሉን ቁልፍ አመጡልኝ። ስለ ኪራይ ላነሣ ስል እጃቸውን አወናጨፉ። "አላከራይም አልኩሽ እኮ! ረመዳን ሲመጣ ትለቂያለሽ።"

"እሺ አዴ።"

"ቶሎ እንድትለቂ ዱዓ አድርጊ።"

ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ሲሄዱ በራሴ መንገድ ጸለይኩ። በቶሎ እንድለቅ፣ በዚህ ሳምንትም ቢሆን። ከዚያ በኋላ የት እንደምገባ የማውቀው ነገር የለም።