አባባ ኮምፒውተር ያጸዱበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተራ ቀን። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው ፈገግ ይላሉ። አላማረኝም። መጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ድርብርብ ዕቃ ሲያዩ ያማቸዋል።

"የእናትሽን ጽሑፍ አጸዳሁላት። አንድ ስም ያላቸው ብዙ ነበሩ፣ የመጀመሪያውን አስቀርቼ ሌላውን አስወገድኩ። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጌዋለሁ!"

የመጀመሪያው... እማዬ የመመረቂያ ጽሑፏን የጀመረችበት ነው። ውስጡ ያለው ርዕሱ ብቻ።

መጋዘኑንም እንዲህ ነው የሚያጸዱት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

እማዬ አልጮኸችም። የሚያስፈራው እሱ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጩኸት በየቀኑ ትሰማለች።

"የሚመጣው ዓርብ ካላስገባሁ ዘንድሮ ምረቃ የለም።"

"ፍላሽ ላይስ?"

"አባትሽ ለመሥሪያ ቤት ወስዶት ነበር።"

አጽድተውታል። ምን ይጠየቃል?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አነበብኩ። የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን መንካት ክልክል! ለአባባ ነገርኳቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ።

በእሳቸው ቋንቋ "እሺ" ማለት አጎቴን መጥራት ነው። ሞባይል ይሸጣል። ቤት ውስጥ "ኢንጂነሩ" እንለዋለን፣ ሹፈት መሆኑን ግን አያውቅም። ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አወረዱ... እዚያው ኮምፒውተር ላይ! እምቢ ሲላቸው ሌላ ጫኑ። ደግሞ ሌላ። ጉድጓድ የገባ ሰው ለማውጣት ድንጋይ መወርወር።

"አጎቴ፣ በላዩ ላይ እየጻፋችሁበት እኮ ነው!"

"አንቺ ጩጬ፣ እኛ ኮምፒውተር ስንነካ አልተወለድሽም።"

ይኸው፣ የነካችሁትን እያየሁ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ኢንጂነሩ ምርመራውን ጨርሷል። "ማዘርቦርዱ ሞቷል።" አባባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገመድ እንደሌለው ያየ የለም። ድንኳን ልጣል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ጓደኛዬ ቤት ወሰድኩት። የእሷ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው፤ ፕሮግራሙም የእሷ ላይ ነው ያለው። ሲፈልግ ዋለ። ፋይሎቹ ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆነው ወጡ። አንድ በአንድ ከፈትን... የመጋዘን ደብዳቤ፣ ደብዳቤ፣ ኢንጂነሩ የሰው መኪና ተደግፎ የተነሳው ፎቶ። ከዚያ የእማዬ ምዕራፎች! ጮኽን።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን የለም። ምን ተጭኖበት ይሆን? ኢንጂነሩን ጠይቁት።

እሁድ፣ የካቲት 9

ሃርድ ዲስኩንም ገመዱንም መለስኩ፤ "የሞተው" ኮምፒውተር ተነሳ። አባባ "አብዛኛው ተገኘ እኮ" አሉ። እማዬ ወንበር ሳበችላቸው።

"ቁጭ በል። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።"

በሁለት ጣት ጀመሩ። ፊደል ፍለጋ አንገታቸው ሊቀጭ ነው። ጽሑፉ ነፍሰ ጡሮች ለምን ክትትል እንደሚያቋርጡ የሚያጠና ነው። "...ባሎቻቸው ሳይጠይቋቸው ስለሚወስኑላቸው" አለች። ጣታቸው ቆመ።

"እኔን ነው?"

"ጥናት ነው። ጻፍ።"

ጻፉ። ኢንጂነሩ ሊረዳ ብቅ ሲል "ዞር በል፣ እንዳትነካ!" ብለው አባረሩት። አባባ! ከዚያ የዳኑትን ምዕራፎች ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ሦስት ዓመት ስትጽፍ አንድ ገጽ አንብበው አያውቁም።

"ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" ቀስ ብለው።

እማዬ ቀና አላለችም።

"አራት ነጥብ" አለች። "አዲስ መስመር።"