ዘራቸው አንድ ነው

ግንቦት 26
ዝናብ ጣል ሲያደርግ የዓለም ገና ሰው ሁሉ ዘር ያምረዋል። ከሱቅ ንቅንቅ አላልኩም። ደንበኛዬ ኦቦ ኢቲቻ ለካሮት ዘር መጡ። «አካም ጅርታ፣ አዴ ተረፈች? ፀጉርሽ በቀለ እኮ!» ሻሼ ወርዶ ኖሯል። የኅዳሩ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ተሸፍኗል፣ የየካቲቱ ገና ነው። «ማዳበሪያ አድርጌበት ነው» አልኳቸው። ሳቅን።

ሁለት ዕጢ ከአንድ ጭንቅላት! አንዱ ከግንባሬ በላይ፣ አንዱ ከጆሮዬ ኋላ። ካንሰር አይደሉም ተባለ፣ ተመስገን። ግን ለምን ሁለት ቦታ? ዶክተር ቢታንያ ከሁለቱም ቁራጭ፣ ከደሜም ጨምራ ለጂን ምርመራ ውጭ አገር ልካለች። «ስህተቱ በደምዎ ካለ ልጅም ሊወርሰው ይችላል» ብላኛለች። ልጄ ያኔት ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ሰባት ወሯ... የቀረውን አልጽፍም።

ሰኔ 2
ዶክተሯ ደወለች። ሱቁ ጢም ብሏል። «ውጤቱ መጥቷል፤ የሁለቱም ዘራቸው አንድ ነው...» ኔትወርክ ጠፋ። መልሼ ብደውል እምቢ። ኋላ መልእክት ገባ፦ «አርብ ጠዋት ይምጡ።»

ዘር አለች። የዘር በሽታ ነው ማለት ነው። ከእኔ ወደ ያኔት፣ ከያኔት ወደ ሆዷ? ልጄን ምን አወረስኳት?

ኦቦ ኢቲቻ የቆስጣ ዘር ጠይቀውኝ ነበር። ምን እንደሰጠኋቸው እንጃ።

ሰኔ 3
ያኔት ከቡራዩ ደወለች። «እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ጉንፋን ነው አልኳት። ዋሸሁ።

ሰኔ 5
ያኔት ትናንት ሆዷን ይዛ ከች አለች። «አንቺ ጉንፋን ሲይዝሽ ሰፈር ይሰማል እንጂ ዝም አትዪም!» ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

ገና ሳልቀመጥ «የዘር ነው አይደል?» አልኳት ዶክተሯን።
«ማን አለ?»
«አንቺ! ዘራቸው አንድ ነው አላልሽም?»
ሳቋን ለቀቀችው። «የዕጢዎቹን ነው እኮ!»

ለካ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የጂን ስህተት ተገኝቷል። ለየብቻ የተነሱ ቢሆኑ ስህተታቸው ይለያይ ነበር። አንዲት ሴል ተበላሸች፣ ተራባች፣ ልጆቿ በአንጎሌ ሽፋን ላይ ተጉዘው ሌላ ቦታ በቀሉ። አየሽ ጉድ! «ደምዎ ውስጥ ግን ፈልገን አጣነው» አለች።
«እንግዲያ አረሙ ከማሳው ነው እንጂ ከዘር ከረጢቱ አይደለም?»
«ከዚህ በላይ እኔም አላስረዳውም!»
«ያኔትስ?»
«ከእርስዎ የምትወርሰው ዕጢ የለም።»

እልል አልኩ። አላፈርኩም። ኮሪደር ላይ አንዱ «ማን ወለደች?» ሲል ሰማሁት። ያኔት እያለቀሰች ትስቃለች። በዓመት አንዴ ኤምአርአይ እነሳለሁ። ይሁን! ነጠላዬን ለብሼ እሄዳለሁ።

ሰኔ 27
ኦቦ ኢቲቻ ቡቃያ ነቅለው ይዘው መጡ። «ቆስጣ ዘርቼ ቀይ ሥር በቀለ! ምን ጉድ ነው?» የሁለቱ ዘር ሲታይ ቁርጥ አንድ ነው፤ ግን እኔ፣ የሃያ ዓመት ዘር ሻጭ! ያን ቀን ምን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «ገለታ ዋቃ!» አሉ ፈጣሪን እያመሰገኑ፣ እጃቸውን ዘርግተው። የቆስጣውን ዘር መርቄ ሰጠኋቸው። ቀይ ሥሩንም አልነቅልም ብለዋል።

ነሐሴ 9
ወለደች! ሴት! ሁለቱም ደህና። ዛሬስ እልልታው በቦታው ነው።

«ዘሪቱ እንበላት» አለች ያኔት።
«የድሮ ስም ነው እያልሽ ስትስቂ አልነበር?»
«ሦስት ቀን ያስለቀሰሽ ቃል ነው። እስኪ አሁን ጠዋት ማታ ጥሪው!»

ጠራኋት። ዘሪቱ... ዘሪዬ... አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ተኛች። ግንባሯ ሰፊ፣ ቁርጥ የእኔ። እሱን ትውረስ።