የወይራው ትራስ

ይማምዬ፣ የልቤ ሰው፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፤ ብርሃንም ያድርግልህ። ንዳዱ ከእጄ ከነጠቀህ ወዲህ ክረምቱ አልፎ፣ ይኸው የደሴ ብርድም መጥቶ ሊሄድ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ፋጡማ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ኮምቦልቻ እየወረደ ጨውና እህል የሚጭነው አሁን ወንድምህ ሰይድ ነው። ካሚዮንህን እንዳንተ አያባብለውም እንጂ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለእኔና ለፋጡማ ሳያካፍል ቤቱ አይገባም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያ መክተፊያዬ ነው። መቼም አትረሳውም። ካሚዮኑ በቀትር ዳገቱ መሀል እያሳለ ትንፋሹ ይቋረጥ ነበር። አንተም፣ የሞተሩ ግለት ቤንዚን የሚያጠጣውን ካርቡሬተር እያገኘው ቤንዚኑ እዚያው ይፈላል፣ በሁለቱ መሀል ግለት የማያሳልፍ ነገር ልክተትበት፣ ጣሊያኖቹ ስፔሶር ይሉታል አልከኝ። እኔ ደግሞ ሰፌድ ያልክ መስሎኝ ሰፌዴን ጎረቤት ወስጄ ደበቅኩ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ግን እናቴ ከኩታበር ያመጣችልኝን የወይራ መክተፊያ በመጋዝ ለሁለት ከፍለህ ጠበቅከኝ።

አኮረፍኩህ። አንተ ምን ገዶህ፣ ግማሹን ጠርበህ፣ መሀሉን በስተህ፣ ይባስ ብለህ በኑግ ዘይቴ ቀቀልከው። ራሱን ለሚያመው ትራስ አይነፈግም እያልክ ስሙንም ትራስ አልከውና በሞተሩና በካርቡሬተሩ መሀል አሰርከው። በማግስቱ ጎንህ አስቀምጠኸኝ ከኮምቦልቻ በቀትር ተነሳን። ካሚዮኑ ጨው እንደተጫነ አንዴም ሳይቆም ደሴ ገባ። ዳገቱን የወጣነው እኔ በኩርፊያ፣ አንተ በሳቅ ነበር። አንተ ሳታየኝ እኔም በነጠላዬ ውስጥ ስቄያለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ትራሱ ተሰነጠቀ። ሰይድ በቦታው ብረት አስገባበት። ብረት ደግሞ ራሱ ይግላል፤ ካሚዮኑ እንደ ድሮው ዳገቱ ላይ መቆም ጀመረ። ጭነት የሚሰጡት ነጋዴዎች ሸሹ። ሰይድም ተስፋ ቆርጦ ገዢ አመጣ። ካሚዮኑ ከተሸጠ እኔ ፋጡማን አዝዬ ወደ እናቴ ቤት ኩታበር መሄዴ ነው፤ ይህን ቤትህንም፣ በየጁምዓው የምጎበኘውን ቀብርህንም ትቼ።

የቀረው የመክተፊያው ግማሽ ነበር። ልሰጠው አልፈለግኩም። ጠርዙ ላይ የመጋዝህ ጥርስ አለ፤ ሽንኩርት ስከትፍ በጣቴ እዳብሰው ነበር። ቢሆንም አጥቤ ለሰይድ ሰጠሁት።

ሰይድ ገልብጦ አየውና ወደ እኔ አዞረው። ጀርባው ላይ፣ እኔ ተራ ጭረት መስሎኝ ያላስተዋልኩት፣ በሚስማር የተጫረ ክብ አለ፤ የብሎኖቹ ቦታ ሳይቀር ምልክት ተደርጎበታል። ለካ ሁለተኛውንም ልትሰርቀኝ አስበህ ኖሯል። አይ አንተ ሌባ! ሳቅን፣ ሳቅንና ሁለታችንም አለቀስን።

ሰይድ በጫርከው ላይ ቆርጦ በብረቱ ቦታ አስገባው። ትናንት በቀትር ከፋጡማ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ የካሚዮኑን ድምፅ ከታች ሰማሁት። አላሳለም። እየመጣ፣ እየመጣ በፊታችን አለፈ፤ ልጅህም እጇን አወዛወዘችለት። ገዢውን ሰይድ አመስግኖ ሸኘው።

ይማምዬ፣ አንተ ለብረት ትራስ ሠርተህ ራስህ አፈር ተንተራስክ። አላህ ያለስልስልህ። እኔ እስካለሁ አትረሳም። አዲስ የወይራ መክተፊያ እንዲጠረብልኝ ኩታበር ልኬያለሁ። ሲመጣ በጀርባው ያንን ክብ በሚስማር እጭርበታለሁ፤ ፋጡማም ስታድግ የማን እጅ እንደሆነ እነግራታለሁ። ሰፌዱን እንደ ድሮው እደብቃለሁ። መክተፊያውን ግን እጅህ ከሚደርስበት፣ ከበሩ አጠገብ እተወዋለሁ።

ዘይነባህ